ሁለተኛው ምት

ከሚሴ ላይ ኳስ የሚጫወት ልጅ ቁርጭምጭሚቱ ቢዞርበት ማንም አይከራከረውም። ያነክሳል፣ እብጠቱ ይታያል፣ ወጌሻው ገብቶ ያሸዋል፣ ካልሆነለት ተደግፎ ይወጣል። ጉልበቱ ቢደማም እንደዚሁ ነው። ጭንቅላቱን ሲመታ ግን ነገሩ ይለያል። ሁለት ተጫዋቾች ለአንድ ኳስ ዘለው በአየር ላይ ይጋጫሉ፤ አንዱ ይወድቅና ጥቂት ሰከንድ ሳይንቀሳቀስ ይቆያል። ጓደኞቹ ይከቡታል፣ ውሃ ያፈሱበታል፣ ጉንጩን መታ መታ ያደርጉታል። ልጁ ዓይኑን ይገልጣል፣ ይነሣል፣ አቧራውን ያራግፋል። ዳር የቆመው ሁሉ "ጀግና!" እያለ ያጨበጭባል። ጨዋታው ይቀጥላል።

ያ ጭብጨባ ያለ ቦታው የገባ መሆኑን ለማሳየት ነው ይህን ምዕራፍ የጻፍኩት። ጭንቅላቱን ተመትቶ የተነሣ ልጅ ተነሣ እንጂ ዳነ ማለት አይደለም። የመጀመሪያው ምት አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ጊዜ ይሽራል። የሚያስፈራው እሱ ሳይሽር የሚመጣው ሁለተኛው ነው። ሁለተኛውን ለማስቀረት ደግሞ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፤ "ዛሬ በቃህ፣ ውጣ" የሚል ሰውና ቃሉን የሚያከብሩለት ሰዎች ይበቃሉ።

በመጀመሪያ፣ ደም ካልፈሰሰና አጥንት ካልተሰበረ ልጁ ምን ሆነ? የአዋቂ ሰው አንጎል 1.4 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል። እጅግ ለስላሳ ነው፤ በራስ ቅል ውስጥም የተቀመጠው ተጣብቆ ሳይሆን በስስ ፈሳሽ ተከቦ፣ እንደመንሳፈፍ ብሎ ነው። ጭንቅላት በድንገት ሲመታ ወይም ሲጠማዘዝ ቅሉ ቀድሞ ይሄዳል፣ አንጎሉ ይዘገያል፤ ቅሉ ሲቆም ደግሞ አንጎሉ ይቀጥላል። በጨፋ ከብት አርቢ ቤት ያደገ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም፦ ወተት በቅል ሲናጥ ቅሉ ላይ ጭረት እንኳ አይታይም፣ ውስጡ ያለው ግን እንደነበረ አይደለም። ሐኪሞች ኮንከሽን የሚሉት ይህንን የአንጎል መናወጥ ነው።

በዚያች ቅጽበት ቀጫጭኖቹ የነርቭ ክሮች ይሳባሉ፣ ይጠማዘዛሉ። በሕዋሳቱ ግድግዳ ውስጥና ውጭ በሥርዓት ተለያይተው የሚኖሩት ጨዋማ ንጥረ ነገሮች ይደባለቃሉ፤ ፖታሲየም ወደ ውጭ፣ ካልሲየም ወደ ውስጥ ይፈሳል። አንጎል ይህንን ወደ ቦታው ለመመለስ ከወትሮው የበለጠ ስኳርና ኃይል ይፈልጋል። ችግሩ፣ በዚያው ሰዓት ወደ አንጎል የሚሄደው የደም ፍሰት ቀነስ ይላል። ፍላጎቱ ጨምሮ አቅርቦቱ ጎደለ ማለት ነው። ይህ ጉድለት በአንድ ሌሊት አይሞላም። በአብዛኞቹ አዋቂዎች ከአሥር ቀን እስከ ሁለት ሳምንት ይፈጃል፤ በልጆችና በወጣቶች አራት ሳምንት ሊደርስ ይችላል።

እዚህ ላይ ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳትበት ነገር አለ። የራስ ቅል ተሰንጥቆ ወይም ደም ፈስሶ እንደሆነ ሲቲ ስካን ያሳያል። በኮንከሽን ጊዜ የተዛባው ግን የሕዋሳቱ አሠራር ስለሆነ ፎቶው ንጹሕ ሆኖ ይወጣል። "ተነሥቶ ምንም የለም ተባለ" ብሎ ልጁን በማግስቱ ወደ ሜዳ መመለስ ፎቶው ያላለውን እንዳለ አድርጎ መውሰድ ነው። ሌላም አለ፦ ራሱን ያልሳተ ሰው ኮንከሽን አልደረሰበትም ብሎ ማሰብ። እውነቱ ግን ኮንከሽን ከደረሰባቸው ተጫዋቾች አብዛኞቹ ራሳቸውን ጨርሶ አይስቱም። ናላቸው ይዞራል፣ ያጥወለውላቸዋል፣ ብርሃን ይከብዳቸዋል፣ የተጠየቁትን ለመመለስ ይዘገያሉ፣ ወይም ያለ ምክንያት ይቆጣሉ፣ ያለቅሳሉ። አንዳንዱም ቆሞ ይጫወታል፤ ምን እየሆነ እንደሆነ ግን አያውቅም።

የዚህን ማስረጃ ዓለም ሁሉ በቴሌቪዥን አይቶታል። እ.ኤ.አ. በ2014 በብራዚል በተካሄደው የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ጀርመናዊው ክሪስቶፍ ክራመር በ17ኛው ደቂቃ ገደማ ከአርጀንቲናው ኤዘኪየል ጋራይ ትከሻ ጋር ተጋጭቶ ወደቀ። ተነሣ፣ ወደ ጨዋታው ገባ፣ ለሩብ ሰዓት ያህልም ተጫወተ። በዚያ መሐል ወደ ዳኛው ኒኮላ ሪዞሊ ቀርቦ ይህ የፍጻሜው ጨዋታ መሆን አለመሆኑን ጠየቀ። ዳኛው መጀመሪያ የሚቀልድ መስሎት ነበር። ክራመር በ31ኛው ደቂቃ ተቀየረ፤ የመጀመሪያውን አጋማሽ ጨርሶ እንደማያስታውሰውም በኋላ ተናገረ። በዓለም ትልቁ ጨዋታ ላይ፣ ሐኪምና ካሜራ በሞላበት ሜዳ፣ የት እንዳለ የማያውቅ ሰው ለሩብ ሰዓት ኳስ ተጫውቷል። እንግዲህ ከሚሴ ላይ፣ ባቲ ላይ፣ ሰንበቴ ላይ አንዲት የውሃ ጀሪካን ብቻ ባለችበት ሜዳ ስንት ልጅ እንደዚያ ሆኖ እንደተጫወተ ማሰብ ይቻላል።

ወደ ሁለተኛው ምት ልምጣ። አንጎሉ ገና በጉድለት ላይ እያለ ዳግም የሚመታ ሰው፣ ቀለል ያለ ምት እንኳ ቢሆን፣ ምልክቶቹ ይበረቱበታል፣ ማገገሚያውም ይረዝምበታል። እግሩ ይዘገያል፣ ዓይኑ ኳስና ተጋጣሚን በትክክል አይመትርም፣ ስለዚህም ለሁለተኛው ምት ከሌላው ይልቅ የተጋለጠ ነው። አልፎ አልፎ ደግሞ፣ በተለይ በልጆችና በአፍላ ወጣቶች ላይ፣ አንጎል የራሱን የደም ፍሰት መቆጣጠር አቅቶት በደቂቃዎች ውስጥ ያብጣል። ይህ እምብዛም የማይደርስ ነገር ነው፤ ሲደርስ ግን ይገድላል ወይም ዕድሜ ልክ ያሽመደምዳል።

አሜሪካኖች ይህን በአንድ ልጅ ተማሩ። ዛካሪ ላይስቴት ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2006 በዋሽንግተን ግዛት የ13 ዓመት ልጅ ሳለ ለትምህርት ቤቱ የአሜሪካን ፉትቦል ይጫወት ነበር። በመጀመሪያው አጋማሽ ማብቂያ ላይ ጭንቅላቱን ተመታ፣ ጥቂት አረፈ፣ ከዕረፍት በኋላ ተመልሶ ገባ። ጨዋታው እንዳለቀ ተዝለፍልፎ ወደቀ። በሄሊኮፕተር ተወስዶ በአንጎሉ ላይ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፤ በሕይወት ተረፈ፣ ነገር ግን ለመናገርም ለመንቀሳቀስም እንደገና ከዜሮ መጀመር ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ2009 ግዛቲቱ በስሙ ሕግ አወጣች። የሕጉ ፍሬ ነገር አጭር ነው፦ ኮንከሽን የተጠረጠረበት ወጣት ወዲያውኑ ይወጣል፤ የሠለጠነ የጤና ባለሙያ በጽሑፍ ሳይፈቅድለት አይመለስም። በአምስት ዓመት ውስጥ 50ዎቹም ግዛቶች ተመሳሳይ ሕግ አጽድቀዋል። እነዚህ ሰዎች ማሽን ሳይጎድላቸው ሕጉን የመሠረቱት ልጁን ከሜዳ በማስወጣት ላይ ነው።

የአሜሪካን ፉትቦል እኛ ከምናውቀው ኳስ የተለየ ነው። ኳሱ ሞላላ ነው፣ በእጅ ይያዛል፣ ተጫዋቾቹም የራስ ቁርና የትከሻ መከላከያ ለብሰው በየጨዋታው ይላተማሉ። የራስ ቁሩ ቅል እንዳይሰነጠቅ ይከላከላል፤ አንጎል በቅሉ ውስጥ እንዳይናወጥ ግን ማድረግ አይችልም። የተደጋጋሚ ምት መዘዝ በግልጽ የታየውም በዚያ ስፖርት ነው፤ ያየውም አፍሪካዊ ሐኪም ነው።

ቤኔት ኦማሉ በቢያፍራ ጦርነት ጊዜ በናይጄሪያ የተወለደ የአስከሬን መርማሪ ሐኪም ነው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2002 በፒትስበርግ ከተማ ሲሠራ የማይክ ዌብስተር አስከሬን ወደ እሱ ቀረበ። ዌብስተር ከፒትስበርግ ስቲለርስ ጋር አራት ጊዜ የሱፐር ቦውል ዋንጫ ያነሣ፣ በከተማው የሚወደድ ተጫዋች ነበር። ጫማ ከሰቀለ በኋላ ግን አእምሮው እየተዛባ ሄደ፤ የሚረሳ፣ የሚቆጣ፣ እንቅልፍ ያጣ፣ በመኪናው ውስጥ የሚያድር ሰው ሆነ። በ50 ዓመቱ ሞተ። አንጎሉ በዓይን ሲታይ ጤነኛ ይመስል ነበር። ኦማሉ አልረካም፤ በስሱ አስቆርጦ በማይክሮስኮፕ ሲመለከት ታው የተባለ ፕሮቲን እንደማይገባ ተከማችቶ አገኘ። በተደጋጋሚ ምት የሚመጣውን ይህን ሥር የሰደደ የአንጎል መጎዳት ባለሙያዎቹ በምሕጻር ሲቲኢ ይሉታል። ለቦክሰኞች ነገሩ አዲስ አልነበረም፤ ሃሪሰን ማርትላንድ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1928 ብዙ ቡጢ ያረፈባቸው ቦክሰኞች እንደ ሰካራም እንደሚንገዳገዱ ጽፎ ነበር። በፉትቦል ተጫዋች ላይ ያሳየው ግን ኦማሉ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2005 ግኝቱን አሳተመ። የፉትቦሉ ሊግ የሕክምና ኮሚቴ አባላት ጽሑፉ እንዲሰረዝ ጠየቁ። ከስደተኛ ሐኪም ይልቅ የሀብታሙ ሊግ ድምፅ የሚሰማበት ጊዜ ነበር። እውነቱ ግን ተደብቆ አልቀረም። በሺዎች የሚቆጠሩ የቀድሞ ተጫዋቾች ሊጉን ከሰሱ፤ እ.ኤ.አ. በ2013 የ765 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ይፋ ሆነ፣ በኋላም የገንዘቡ ጣሪያ ተነሣ። እ.ኤ.አ. በ2017 የቦስተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የ111 የቀድሞ የሊጉ ተጫዋቾችን አንጎል መርምረው በ110ዎቹ ላይ በሽታውን እንዳገኙ አሳተሙ። ይህን ቁጥር ስናነብ አንድ ነገር መዘንጋት የለብንም፦ አንጎሎቹን የለገሱት አብዛኞቹ ቤተሰቦች አስቀድመው የተጠራጠሩ ናቸው፤ ስለዚህ ከመቶ ተጫዋች 99ኙ ይታመማል ማለት አይደለም። በሽታው በእርግጠኝነት የሚታወቀውም ከሞት በኋላ ብቻ ነው። የሚያስማማው ቁም ነገር ሌላ ነው፦ አደጋው ከአንድ ትልቅ ምት ይልቅ በየቀኑ ከሚጠራቀሙት ምቶች፣ ሰው እንደ ጉዳት ከማይቆጥራቸው ከትንንሾቹም ጭምር ይመጣል።

ይህ እኛን ይመለከተናል? እኛ የራስ ቁር ለብሰን አንላተምም። ግን በቴስታ እንመታለን። እ.ኤ.አ. በጥር 2002 ጄፍ አስትል የተባለ የእንግሊዝ የዌስት ብሮምዊች አልቢዮን አጥቂ በ59 ዓመቱ ሞተ። በቴስታ ጎሎቹ የታወቀ ሰው ነበር፤ በመጨረሻ ግን ልጆቹን እስከ መርሳት ደርሶ ነበር። የሞቱን ምክንያት የመረመረው ባለሥልጣን ኳስን በተደጋጋሚ በጭንቅላት በመምታት የመጣ፣ ከሥራው ጋር የተያያዘ በሽታ ነው ብሎ ወሰነ። በእሱ ዘመን ኳስ ከቆዳ ይሰፋ ነበር፤ ዝናብ ሲነካው ውሃ እየጠጣ ይከብድ ነበር። የእኛዎቹ እነ መንግሥቱ ወርቁና ሉቻኖ ቫሳሎ በ1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፈው የአፍሪካን ዋንጫ ያነሡትም በዚያው የቆዳ ኳስ ዘመን ነው።

እ.ኤ.አ. በ2019 የግላስጎው ዩኒቨርሲቲው ዊሊ ስቱዋርትና ባልደረቦቹ የ7,676 የቀድሞ የስኮትላንድ ፕሮፌሽናል ተጫዋቾችን መዝገብ ከ23,000 ገደማ ሌሎች ሰዎች ጋር አነጻጸሩ። ተጫዋቾቹ በአንጎል መመንመን በሽታዎች የመሞት ዕድላቸው ሦስት ተኩል እጥፍ ሆኖ ተገኘ። በኋላ በተደረገው ትንተና ኳስን በጭንቅላት እምብዛም የማይመቱት በረኞች ከሌላው ሕዝብ የተለየ አደጋ አልታየባቸውም፤ ከፍተኛው የታየው በተከላካዮች ላይ ነው። በዚሁ ጥናት ተጫዋቾቹ በልብ በሽታና በሳንባ ካንሰር የመሞት ዕድላቸው ከሌላው ያነሰ ነበር። ይህንን የምጠቅሰው ልጆቻችንን ከሜዳ እንዳናርቅ ነው። ኳስ ለልብ፣ ለሳንባ፣ ለወጣት ነፍስም መድኃኒት ነው። ሜዳው ይኑር፣ ይስፋም፤ ጭንቅላቱ ግን ይጠበቅ።

አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2015 አሥር ዓመትና ከዚያ በታች የሆኑ ልጆች ኳስ በጭንቅላት እንዳይመቱ ወሰነች፤ ስኮትላንድ በ2020 ከ12 ዓመት በታች ላሉት በልምምድ ላይ ከለከለች። ምክንያቱ የልጅ ጭንቅላት ከሰውነቱ ጋር ሲነጻጸር ትልቅ፣ አንገቱ ደግሞ ገና ያልጠነከረ መሆኑ ነው። በእኛ ሜዳ አንድ ኳስ ለሁሉም ዕድሜ ያገለግላል፤ የአሥር ዓመቱ ልጅ አዋቂዎቹ የሚጫወቱባትን አምስት ቁጥር ኳስ፣ ያውም እስክትጮኽ ተነፍታ፣ በግንባሩ ይቀበላታል። አሠልጣኝ ለሕፃናቱ ሦስት ወይም አራት ቁጥር ኳስ ማግኘት ባይችል እንኳ አየሯን ቀነስ ማድረግ፣ በቴስታ መለማመዱንም ለትልልቆቹ መተው ይችላል። ጨርቅ በካልሲ ጠቅጥቀው የሚጫወቱት ሕፃናት በዚህ ረገድ ከታላላቆቻቸው የተሻለ ዕድል አላቸው።

አሁን ሜዳው ላይ እንቁም። ልጁ ወድቋል፤ ወጌሻው ወይም ኮቹ ደርሷል። መጀመሪያ አንገት ነው። ልጁ ራሱን ከሳተ ወይም አንገቱን ካመመው በእጅና በእግር አንሥቶ መሮጥ፣ ማቀናናት፣ አንገትን ማሸት ፈጽሞ አይገባም። ከነቃና አንገቱን ካላመመው ግን ጥያቄ ይቀርብለታል። በአውስትራሊያ ከሜዳ ላይ ልምድ የተገኙ፣ ዛሬ በዓለም ዙሪያ የሚሠራባቸው አምስት ጥያቄዎች አሉ፦ አሁን የት ሜዳ ላይ ነን? የመጀመሪያው አጋማሽ ነው ወይስ ሁለተኛው? መጨረሻ ጎል ያገባው ማነው? ባለፈው ከማን ጋር ተጫወታችሁ? አሸነፋችሁ? አንዱን እንኳ ከሳተ፣ ወይም ዘገየ፣ ወይም ለማስታወስ የተጨነቀ መሰለ፣ ለዚያ ቀን ጨዋታው አብቅቷል። አምስቱንም መልሶ ግን ራሱን ካመመው፣ ካዞረው፣ ካቅለሸለሸው፣ ሲቆም ካንገዳገደው አሁንም ይወጣል። ጥያቄዎቹ የሚያገለግሉት ለማስወጣት ብቻ ነው፤ በእነሱ ማንንም መልሶ ማስገባት አይቻልም።

እዚህ ላይ ለከሚሴ የተለየ ማስጠንቀቂያ አለኝ። በዚህ ሜዳ ላይ አንዱ ልጅ ቤቱ አፋን ኦሮሞ ይናገራል፣ ሌላው አማርኛ፤ ብዙዎቹ ሁለቱንም ያቀላጥፋሉ። ናላው የዞረበትን ልጅ የሚጠይቀው ሰው በልጁ የቤት ቋንቋ ይጠይቀው። በሁለተኛ ቋንቋው ተጠይቆ ቢዘገይ ከምቱ ይሁን ከቋንቋው መለየት ያስቸግራል፤ በተቃራኒው ደግሞ "እሱ ድሮም አማርኛ ላይ ይንተባተባል" ተብሎ እውነተኛው ምልክት ሊታለፍ ይችላል። ወጌሻው ራሱ ካልቻለ ከቡድኑ አንድ ጓደኛ ይጥራ።

ልጁ ከወጣ በኋላ ብቻውን ወደ ቤት አይላክም፣ ሞተርም አይነዳም። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት አንድ ሰው አብሮት ይሁን። ምክንያቱም ከኮንከሽን ጋር የሚመሳሰል ግን ፈጽሞ የከፋ ነገር አለ፦ በራስ ቅልና በአንጎል መካከል ደም ቀስ እያለ ሲጠራቀም። እንዲህ ያለው ሰው ነቅቶ፣ አውርቶ፣ ስቆም ከቆየ በኋላ በሰዓታት ውስጥ ሊደክም ይችላል። ትውከቱ ከተደጋገመ፣ ራስ ምታቱ እየባሰ ከሄደ፣ ከእንቅልፍ ለመቀስቀስ ካስቸገረ፣ ካንቀጠቀጠው፣ እጅ ወይም እግሩ ከዛለ፣ አንዱ የዓይን ብሌን ከሌላው ከሰፋ፣ ከጆሮው ወይም ከአፍንጫው ደም ወይም ጥርት ያለ ፈሳሽ ከወጣ ማለዳን መጠበቅ የለም። ወደ ከሚሴ ሆስፒታል ይወሰድ፤ ከዚያ በላይ ያለው ሕክምና ደሴ ነው፣ እሱም በሐርቡና በኮምቦልቻ አልፎ፣ ሐረጎን ወጥቶ፣ ከ70 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። መንገዱ የሚወስደው ሰዓት ከልጁ ሰዓት ላይ ስለሚቀነስ በጊዜ መነሣት ያስፈልጋል።

"እንዳይተኛ ጠብቁት" የሚለው የቤተሰብ ምክር መነሻው ይኸው ፍርሃት ነው፤ መነሻው ልክ ነው፣ አፈጻጸሙ ግን መታረም አለበት። ከላይ ያሉት ምልክቶች ከሌሉ እንቅልፍ ለተናወጠ አንጎል ያስፈልገዋል። ይተኛ፤ የሚያየው ሰው ግን አጠገቡ ይደር። ለራስ ምታቱ ፓራሲታሞል ይበቃዋል፤ አስፕሪንና አይቡፕሮፌን ደም መፍሰስን ሊያባብሱ ስለሚችሉ በመጀመሪያው ቀን ባይሰጡ ይመረጣል።

ስለ ዕረፍት ሲጻፍ አብዛኛው ምክር ስልክና ቴሌቪዥን ቀንሱ፣ ትምህርት ቤት አታስቸኩሉ ይላል። ትክክል ነው። ከሚሴ ላይ ግን ዕረፍት ሌላም ነገር አለው። የኳስ ተጫዋቹ በማለዳ ከብት ይዞ ወደ ቦርከና የሚወርድ፣ በገበያ ቀን ኩንታል የሚሸከም፣ ወይም ባጃጅ የሚያሽከረክር ሊሆን ይችላል። ተጫዋቿ ልጅ ከሆነች ደግሞ ከሜዳ ስትመለስ ውሃ መቅዳቱ ይጠብቃታል፤ ጥናቶች እንደሚያሳዩት በእግር ኳስ ኮንከሽን የሚበዛው በሴቶቹ ላይ ነው፣ ስለዚህ የእሷ ነገር ቸል ሊባል አይገባም። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ሸክሙን ወንድም ወይም እህት ይያዝላቸው፤ የቀትሩን ፀሐይ ይሽሹ። ጫት ለጊዜው ይቅር፤ እንቅልፍ ይነሣል፣ ድካሙንም ሸፍኖ የዳኑ ያስመስላቸዋል። ወሩ ረመዳን ከሆነ ሃይማኖቱ ራሱ ለታመመ ሰው ፈቅዷልና ጾሙን በኋላ ማካካስ ይቻላል። ከሁለት ቀን በኋላ ግን ጨለማ ክፍል ውስጥ መተኛት አይጠቅምም፤ የእግር ጉዞ፣ ቀጥሎ ሶምሶማ፣ ቀጥሎ ብቻውን ከኳስ ጋር፣ ቀጥሎ ያለ ንክኪ ልምምድ፣ በየደረጃው ቢያንስ አንድ ቀን እየቆየ ይመለሳል። ምልክቱ ከተመለሰበት ወደ ኋላ ይላል። ትምህርቱን በደንብ መከታተል ያልቻለ ልጅ ለጨዋታ አይደርስም። ይህም ከሜዳ ውጭ ለሚደርስ ምት ሁሉ ይሠራል። ከተማዋ የአዲስ አበባና የደሴ አውራ ጎዳና የሚያልፍባት ናት፤ ጠዋት ከሞተር የወደቀ ወጣት በ10 ሰዓት ሜዳ ላይ ቢገኝ አንጎሉ ምቱ ከሞተር ይሁን ከኳስ አይለይም።

ይህ ሁሉ በወረቀት ላይ ቀላል ነው። ሜዳው ላይ "ደኅና ነኝ ኮች፣ ልግባ" የሚል ልጅ አለ። ተቀያሪ ላይኖር ይችላል። ከትልቅ ክለብ ሰው መጥቶ ሊያይ ይችላል ተብሏል። አባት ዳር ቆሟል፣ ሰፈሩ ሁሉ ይጮኻል። ልጁ እየዋሸ አይደለም፤ ስለ ራሱ የሚፈርደው በተናወጠው አንጎሉ ስለሆነ ፍርዱ የሚታመን አይደለም። ኮቹም ጨዋታውን ማሸነፍ ይፈልጋልና ብቻውን ይወስን ማለት ይከብዳል። ትልልቆቹም በዚህ ወድቀዋል። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2020 የአርሰናሉ ዴቪድ ሉዊዝና የዎልቭሱ ራውል ሂሜኔዝ በጭንቅላት ተጋጩ። የሂሜኔዝ የራስ ቅል ተሰነጠቀ፤ ሉዊዝ ግን ጭንቅላቱ በፋሻ ተጠቅልሎ፣ ደሙ እየታየ፣ እስከ ዕረፍት ተጫወተ። ከሚሴ ውስጥ በየዲኤስቲቪ ቤቱ አርሰናልን የሚደግፍ ሁሉ ያየው ነው። ከጥቂት ወራት በኋላ በፕሪሚየር ሊጉ የኮንከሽን ቅያሪ ሙከራ ተጀመረ፤ ከ2024 ጀምሮም በእግር ኳስ ሕግ ውስጥ ገብቷል። ውድድር አዘጋጁ ከፈቀደ፣ ጭንቅላቱን የተመታ ተጫዋች ከመደበኛው የቅያሪ ቁጥር ውጭ ይቀየራል፤ አይመለስም፤ ተጋጣሚውም ተጨማሪ ቅያሪ ያገኛል። ይህ ጥበብ ያለበት ሕግ ነው፤ ቡድኑ ልጁን በማውጣቱ አይቀጣም፣ ስለዚህ የመደበቅ ምክንያቱ ይጠፋል።

"ውድድር አዘጋጁ" የሚለው ቃል የቀበሌ ውድድር የሚያስተናግደውን ኮሚቴም ይጨምራል። እናንት የከሚሴ፣ የባቲ፣ የሰንበቴ፣ የጨፋ ሮቢት ውድድር አዘጋጆች፣ በክረምቱ ዕረፍት ቡድኖችን ስትመዘግቡ በደንባችሁ ላይ እነዚህን አክሉ፦ ጭንቅላቱን ተመትቶ የተጠረጠረ ተጫዋች ዳኛው ወይም ወጌሻው እንዳለ ወዲያውኑ ይወጣል፣ በዚያ ቀን አይመለስም፣ ቅያሪውም ከቁጥር አይገባም። የመጀመሪያው ጨዋታ ከመጀመሩ በፊት በሁለቱም ቋንቋ በድምፅ ማጉያ አንብቡት፤ አባቶችም ይስሙት።